ጠመኔና ሰሌዳ ያላት የጠባሴዋ ኳስ ቤት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኳስ የሚታይባቸው ቤቶች ሞልተዋል። እኔ ጠባሴ ሰፈር ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ወንበሬ ላይ የሚቀመጠው ሰው ሁሉ ወሬው ኳስ ነው። የትኛው ቤት ስክሪን ቀየረ፣ የትኛው ቤት መሀል ጨዋታ ላይ ክፍያው አለቀበት፣ የት ድብድብ ተነሳ፣ ሁሉንም መቀሴን ሳላስቀምጥ እሰማለሁ። ራሴም ብዙዎቹን ዞሬ አይቻቸዋለሁ። ቋሚ ደንበኛ የሆንኩት ግን አንዷ ጋር ብቻ ነው። ስለሷ ልጻፍ ልጻፍ ስል ቆይቼ ዛሬ ተነሳሁ።

ቤቷ የተለጠፈ ስም የላትም። ከዋናው መንገድ ገባ ብላ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያላት ናት። ሰው «እትዬ ቤት» ይላታል። እትዬ ባለቤቷ ናቸው። ድሮ ጠላ ይሸጡባት ነበር። ጠላው ዛሬም አልቀረም፣ ኳስ ባለበት ሰዓት ግን አይቀዱም። ይህን ሕግ ያወጡት አንድ ጊዜ ሁለት አግዳሚ ከተሰበረባቸው በኋላ ነው። ጥሩ ሕግ ነው።

መግቢያ 30 ብር ነው። ለፍጻሜ ጨዋታ 50 ይሆናል። ሻይ 15 ብር። ቆሎው የገብስ ነው፣ ሱፍ ጣል ተደርጎበት፣ እዚያው ጓሮ ይቆላል። ትኩሱን በእፍኝ ስትይዙት እጅ ያሞቃል። ስክሪን ሁለት አለ። ትልቁ ፊት ለፊት፣ ትንሹ በስተቀኝ። ሁለት ጨዋታ እኩል ሰዓት ላይ ሲውል ትልቁ ላይ የትኛው ይከፈት የሚለው እጅ በማውጣት ይወሰናል። ድምጽ የሚሰማው የትልቁ ብቻ ነው። የቤቲንግ ወረቀት ይዞ መጮህ አይፈቀድም። ወረቀቱን ኪስ ውስጥ አስገብቶ ዝም ብሎ ማየት ይቻላል።

ብርዱን ሳልናገር አላልፍም። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ ከ2,800 ሜትር አካባቢ አይወርድም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ስትወጡ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ታገኙታላችሁ። የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ ደግሞ በዚያ ወቅት የሚጀምረው ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። በኋላ ጥሎ ማለፉ ላይ ጭማሪ ሰዓትና መለያ ምት ከመጣ ወደ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይጠጋል። እትዬ ለዚህ ብለው መሀል ላይ በማንደጃ ከሰል ያቀጣጥላሉ። ሙቀቱ ደስ ይላል። ግን ባለፈው ዓመት አንድ ሌሊት በሩም መስኮቱም ተዘግቶ ራሴን አመመኝ፣ አጠገቤ የነበረው ልጅም አጥወለወለው። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል ሰው ይገድላል። በማግስቱ ሄጄ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። አሁን መስኮቱ በዱላ ተደግፎ ሁሌም ክፍት ነው። ብርድ ይገባል። ጋቢ ይዞ መሄድ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ቤቷን ከሌሎቹ የለየልኝ ግን ሰሌዳው ነው።

በስተግራ ግድግዳ ላይ የድሮ ትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። አንድ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል። የሰሌዳው ሰው ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ጥሎ ማለፍ ሲጀመር የቡድኖቹን ስም በሁለት ወገን ይደረድሩና መሀሉን በመስመር ያገናኙታል። ቅርንጫፍ እየተባለ፣ እየጠበበ፣ መጨረሻ አንድ መስመር ብቻ ይቀራል። ከእያንዳንዱ ቡድን ስም ጎን በሊጉ ዙር ያገኘውን ነጥብ በትንሹ ይጽፋሉ። የተሸነፈውን ስም አያጠፉትም። አንድ ሰረዝ ብቻ ያሳርፉበታል፣ ነጥቡም ከነስሙ እንደታየ ይቆያል። ማጥፊያቸው የመንዝ በግ ፀጉር ነው፣ በክር የታሰረ። ዓመቱ ሲያልቅ ብቻ ነው የሚያነሱት።

ነጥቡን ለምን ይጽፉታል ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። «ማን ሠርቶ እንደመጣ እንዳይረሳ» አሉኝ።

እኔ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። ይህን ሰሌዳ አምርሬ ያየሁት ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ሌሊት ነው። የአዲሱን የቻምፒየንስ ሊግ አደረጃጀት የማታውቁ ካላችሁ እንዲህ ነው። 36 ቡድኖች በአንድ ሰንጠረዥ ይሰለፋሉ። እያንዳንዱ 8 ጨዋታ ይጫወታል። ከ1 እስከ 8 የወጡት በቀጥታ ወደ 16ቱ ይገባሉ። ከ9 እስከ 24 ያሉት በደርሶ መልስ እርስ በርስ ተጫውተው ግማሾቹ ይከተሏቸዋል። ከዚያ በታች ያለው ወደ ቤቱ። በዚያ ዓመት አርሰናል 19 ነጥብ ይዞ 3ኛ ወጣ። ፓሪስ ሴንት ዠርሜን 13 ነጥብ ይዞ 15ኛ። በዚያው ዙር እኛ ለንደን ላይ 2 ለ 0 አሸንፈናቸዋል። በግማሽ ፍጻሜ ተገናኘን። በሜዳችን 1 ለ 0፣ ፓሪስ ላይ 2 ለ 1 ተሸነፍን። እነሱ ፍጻሜ ላይ ኢንተርን 5 ለ 0 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ።

ጨዋታው ሲያልቅ ቤቱ ጸጥ አለ። ጋሼ ተነስተው አርሰናል ላይ ሰረዝ አደረጉ። 19 እና 13 ጎን ለጎን ቀሩ። አንድ ልጅ ከኋላ «ታዲያ ያ 2 ለ 0 ምን ሆነ?» አለ። ማንም አልመለሰለትም።

ያን ሌሊት እየሄድኩ ሳስበው ነበር። ፓሪስ የተሻለ ቡድን ነበር፣ አልክድም። አንደኛ የነበረውን ሊቨርፑልንም በመለያ ምት አሰናብቶታል። የከነከነኝ ሌላ ነው። 3ኛ በመውጣታችን ያተረፍነው ሁለት ጨዋታ ማረፍና በ16ቱ ዙር መልሱን በሜዳችን መጫወት ነው። ሩብ ፍጻሜና ግማሽ ፍጻሜ ላይ የመልሱ ጨዋታ የት ይሁን የሚለው በዕጣ ነው የወጣው። ማድሪድም ፓሪስም ላይ መልሱን ከሜዳችን ውጪ ተጫወትን። ቅሬታው የእኔ ብቻ አልነበረም። አውሮፓም ሰማው። ከፈረንጆቹ 2025/26 ጀምሮ በሰንጠረዡ ከላይ ለወጡት ቡድኖች በሩብና በግማሽ ፍጻሜም መልሱን በሜዳቸው እንዲጫወቱ ተወሰነ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሰሌዳው ላይ ከነጥቡ ጎን ትንሽ የቤት ምልክት መሳል ጀመሩ። ጣሪያና በር ያላት።

አርሰናል ከተሸነፈ ብዙም ሳይቆይ ግንቦት 16 ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አንድ ጨዋታ አየን። ቤቱ ውስጥ ከ10 ሰው አንበልጥም። የእንግሊዝ ቻምፒዮንሺፕ የፕሌይኦፍ ፍጻሜ ነው፣ ሰንደርላንድና ሼፊልድ ዩናይትድ። እዚያ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት በቀጥታ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያልፋሉ። ያኔ ከ3 እስከ 6 የወጡት ለቀረችው አንዲት ቦታ ይጫወቱ ነበር። ሼፊልድ 3ኛ ነው፣ 90 ነጥብ። ሰንደርላንድ 4ኛ፣ 76 ነጥብ። አስራ አራት ነጥብ! ጋሼ ሁለቱን ቁጥሮች ጽፈው ብቻ ቁጭ አሉ።

ሼፊልድ ቀድሞ አገባ። ሁለተኛም አግብቶ ነበር፣ ቫር፣ የቪዲዮ ዳኛው፣ ሻረው። ከዚያ ሰንደርላንድ አቻ ሆነ። መደበኛው 90 ደቂቃ አልቆ ባከነ ሰዓት ላይ አንድ የ19 ዓመት ልጅ፣ ቶም ዋትሰን፣ ከሳጥኑ ውጪ መትቶ አስገባ። ልጁ ወደ ብራይተን ለመሄድ አስቀድሞ የተስማማ ነው። ያቺ ለሰንደርላንድ የመጨረሻ ምቱ መሆኗ ነው። ቤቱ ውስጥ የሰንደርላንድ ደጋፊ አንድም አልነበረም፣ ግን ሁላችንም ቆምን። እትዬ ከጓሮ ቆሎ መቁያውን እንደያዙ ሮጠው መጡ። እኔም ጮህኩ። ወዲያው ደግሞ ስክሪኑ ላይ የሼፊልድ ተጫዋች ሣሩ ላይ ፊቱን ሸፍኖ አየሁት። 46 ጨዋታ ተጫውቶ 14 ነጥብ በልጦ ነው። ደስታዬ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ክርክሩ እሳት የሆነው ግን ባለፈው ኅዳር ነው። የእትዬ የወንድም ልጅ ከአሜሪካ መጣ። ብዙ ዓመት እዚያ ኖሯል፣ የእነሱን ሊግ፣ ኤምኤልኤስን፣ በደንብ ይከታተላል። መጀመሪያ ቀን ሰሌዳውን ሲያይ ሳቀ። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ የእኛው ነገር ነው» አላቸው። ጠመኔውን ተቀብሎ ጻፈ። 74። ከሥሩ 40።

ነገሩን ሲያስረዳን እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ 2024 የእነ ሜሲ ኢንተር ማያሚ በመደበኛው ውድድር 74 ነጥብ ሰበሰበ። በሊጉ ታሪክ ትልቁ ነው። ሰፖርተርስ ሺልድ የሚባለውን ዋንጫ ወሰደ። ሻምፒዮን የሚባለው ግን እሱ አይደለም። ሻምፒዮኑ የሚለየው ከዚያ በኋላ በሚመጣው ፕሌይኦፍ ነው። ማያሚ በመጀመሪያው ዙር የደረሰው አትላንታ ዩናይትድ ነው። 40 ነጥብ፣ ከምሥራቁ ክፍል 9ኛ፣ በመለያ ምት ተንጠልጥሎ የገባ። ሦስት ጨዋታ ተጫወቱ፣ ሁለት ያሸነፈ ያልፋል። ማያሚ 2 ለ 1፣ አትላንታ 2 ለ 1፣ ሦስተኛው ማያሚ ሜዳ ላይ 3 ለ 2 ለአትላንታ። ማያሚ ወደ ቤቱ። የ34 ነጥብ ልዩነት በሁለት ሳምንት ተበላ።

ጋሼ ቁጥሩን ረጅም ጊዜ አዩት። «ታዲያ 34 ጨዋታ ለምን ያለፏቸዋል? ከመጀመሪያው ጥሎ ማለፍ አይሆንም?»

ልጁ መልስ አላጣም። «ጋሼ፣ እዚያ መውረድ የለም። የመጨረሻ የወጣውም በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ነው። ፕሌይኦፍ ባይኖር 10ኛና 12ኛ ያለው ቡድን መስከረም ላይ ምን ሊጫወት ነው? ስታዲየሙ ባዶ ይሆናል። ደግሞ ምሥራቅና ምዕራብ ተብለው ስለሚከፈሉ ሁሉም ከሁሉም ጋር እኩል አይጫወትም። ሰንጠረዡም ራሱ ፍጹም አይደለም።»

ይኼኛው ነጥብ ጋሼን ዝም አሰኛቸው። እኔንም። ሁሉም ከሁሉም ጋር በሜዳውና ከሜዳው ውጪ ካልተጫወተ ሰንጠረዥ ማለት የተለያየ ፈተና የወሰዱ ልጆችን በአንድ ደረጃ ማውጣት ነው። ጋሼ መምህር ናቸውና ይህ ገባቸው። ግን አንድ ነገር ጠየቁ። «ስንት ቡድን ነው የሚገባው?» «ከ30ው 18» አለ ልጁ። ጋሼ ጠመኔውን አስቀመጡ። «ከግማሽ በላይ አልፎ ፈተና ይባላል?» ልጁም እዚህ ላይ ተስማማ። እዚያም ሰው የሚጣላበት ይኸው ነው አለ።

ይህ ሊግ ደንቡን ስንቴ እንደቀያየረ ሲነግረን ገርሞናል። በፈረንጆቹ 1996 ሲጀመር አቻ የሚባል ነገር አልነበረም። ተጫዋች ኳስ ይዞ ከ35 ያርድ ሮጦ በረኛውን ብቻውን እየገጠመ ነበር አሸናፊው የሚለየው። በኋላ ደርሶ መልስ መጣ። በ2019 ሁሉም ነገር አንድ ጨዋታ ብቻ ሆነ። ከ2023 ጀምሮ የመጀመሪያው ዙር ሦስት ጨዋታ ሆነ፣ ከዚያ በኋላ ያለው አንድ አንድ። በ2009 ደግሞ ሪያል ሶልት ሌክ የሚባል ቡድን 11 አሸንፎ፣ 12 ተሸንፎ፣ የእነ ቤካምን ጋላክሲ በመለያ ምት አሸንፎ ሻምፒዮን ሆኗል። ካሸነፈው የተሸነፈው የሚበልጥ ሻምፒዮን። እኔ ይህን መቀበል አልችልም። ደንበኞቼ ሁለት ሳምንት ተከራክረውበታል፣ ግማሾቹ «ታዲያ ፍጻሜ ደርሶ ያሸነፈ ምን ይባል?» ይላሉ።

ኅዳር 27 ቅዳሜ ማታ የ2025ቱን ፍጻሜ አየን። ልጁ ራሱ ከፍሎ የሚያይበትን አገልግሎት በላፕቶፑ ከፍቶ ከትልቁ ስክሪን ጋር አገናኘው። ከምሽቱ 4፡30 ጀመረ። ጾም ነው፣ ሻይና ቆሎ ብቻ። ኢንተርኔቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ቆመ። ያ ሲሆን ሁሉም ሰው ትንፋሹን ይይዝ ነበር። ማያሚ ከቫንኩቨር ነው። ማያሚ ቫንኩቨር በራሱ ላይ ባስገባት ጎል መራ። ቫንኩቨር አቻ አደረገ። ትንሽ ቆይቶ የቫንኩቨሩ ኢማኑኤል ሳቢ የመታት ኳስ አንደኛውን ቋሚ ነካች፣ ተሻግራ ሌላኛውንም ነካች፣ ወጣች። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁላችንም እጃችን ራሳችን ላይ ነው። ብዙ አልቆየም፣ ሜሲ ኳስ ነጥቆ ለዴ ፖል አቀበለ፣ 2 ለ 1። መጨረሻ ላይ 3 ለ 1። ቡስኬትስና አልባ በዚያው ጫማቸውን ሰቀሉ።

ልጁ ሲጨፍር ጋሼ ሰሌዳው ላይ ሌላ ነገር ጻፉ። በ2025 በመደበኛው ውድድር አንደኛ የወጣው ፊላደልፊያ ነው፣ 66 ነጥብ። ማያሚ 65 ይዞ ከምሥራቁ 3ኛ። በ2024 በሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ በፕሌይኦፍ ወደቀ። በ2025 በሰንጠረዥ ሳይመራ በፕሌይኦፍ ነገሠ። ያው ደንብ፣ ያው ቡድን። አምና ያዘነ የማያሚ ደጋፊ ዘንድሮ ደንቡን ሊሰድበው ይችላል? ልጁ ሲጠየቅ «አልሰድብም፣ አምናም አልሰደብኩም» አለ። አመንኩት። ምክንያቱም አምና ሲሸነፉ በስልክ ያወሩት እትዬ ራሳቸው «እውነቱን ነው» ብለው መሰከሩለት።

በዚያ ሌሊት ስለ ሦስት ጨዋታው ነገር የራሴን ሒሳብ ሠራሁ። በዚህ ደንብ የጎል ድምር የለም። አንዱን ጨዋታ 4 ለ 0 ብታሸንፍ፣ ሌላው በመለያ ምት ቢያሸንፍህ፣ አንድ ለአንድ ናችሁ። አቻ ከሆነም ጭማሪ ሰዓት የለም፣ በቀጥታ መለያ ምት ነው። ይኼ ለደካማው ይጠቅማል። በሌላ በኩል ግን በሰንጠረዥ የበለጠው አንደኛውንና ሦስተኛውን ጨዋታ በሜዳው ይጫወታል። አንድ ቀን ቢሳሳት ይታረማል። ሼፊልድ ያቺ ዕድል ቢኖረው ብዬ አሰብኩ። ፍጻሜው የተደረገበት ዌምብሌይ የሁለቱም ሜዳ አይደለም። 14 ነጥቡ እዚያ ምንም አልገዛለትም።

ጋሼ በኛ አቆጣጠር የ2006ቱን አነሱ። ጥቅምት ላይ ከናይጄሪያ ጋር ለዓለም ዋንጫ የተጫወትነውን። አዲስ አበባ ላይ በበኃይሉ አሰፋ ጎል መርተን በኢሜኒኬ ሁለት ጎሎች 2 ለ 1 የተሸነፍነውን፣ ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ 2 ለ 0 የሆነውን። ሁለተኛዋ የአዲስ አበባዋ ጎል መጨረሻ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት መሆኗን ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያስታውሳል። ምድባችንን አንደኛ ሆነን ነበር የጨረስነው። ማንም ብዙ አላወራም። ለኛ ፕሌይኦፍ የሚለው ቃል ያችን ነው የሚያመጣብን።

አሁን ስለ ጆተኒው ልንገራችሁ፤ ለእኔ የክርክሩ ልብ እሱ ነው። በረንዳው ላይ አንድ አሮጌ ጆተኒ አለ። ባለፈው ክረምት 12 ሰው ሆነን ውድድር አደረግን። ሁሉም ከሁሉም ጋር፣ 11 ጨዋታ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ማታ ማታ ሥራ ከዘጋሁ በኋላ፣ ሦስት ሳምንት ፈጀ። 9 አሸንፌ አንደኛ ወጣሁ። አራቱ ለግማሽ ፍጻሜ አለፍን። አራተኛው የባጃጅ ሾፌር ነው፣ 6 ነበር ያሸነፈው። አንድ ጨዋታ፣ እስከ 5 ጎል። 5 ለ 4 አሸነፈኝ። እሱ በኋላ ዋንጫውን ወሰደ፣ አንድ የሻይ ፔርሙስ ነው ዋንጫው።

ልጁን አልጠላሁትም። ጥሩ ተጫውቷል። ግን ያን ማታ ጎን መረጣው በሳንቲም ነበር። የበረንዳው ወለል ወደ ግድግዳው ያዘነብላል። የሚያውቀው ያውቃል፣ በበሩ በኩል የቆመ ሰው ቁልቁል ነው የሚመታው። ሳንቲሙ ለሱ ወጣ። ሽቅብ ስመታ አመሸሁ። ሦስት ሳምንት አንደኛ ሆኜ ጎን እንኳ መምረጥ አልቻልኩም።

ከማያሚው ፍጻሜ ማግስት ሁላችንም ስለሚቀጥለው ክረምት የጆተኒ ውድድር ተነጋገርን። ጋሼ አንደኛ ለወጣው አንድ ጨዋታ እንዳሸነፈ ተቆጥሮለት ይጀምር አሉ። ባጃጅ ሾፌሩ «ሳይጫወት ማሸነፍ አለ እንዴ?» ብሎ ተቃወመ፣ ልክ ነው። ከአሜሪካ የመጣው ልጅ ሦስት ጨዋታ ይሁን አለ። እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው። በሰንጠረዥ የበለጠው በአንደኛውና በሦስተኛው ጨዋታ ጎኑን ይምረጥ። እጅ ወጣ። አለፈ። ጋሼ ሰሌዳው ጥግ ላይ ጻፉት፣ እስካሁን አልጠፋም። እኔ ጥሎ ማለፍ ይቅር አልልም። ዋትሰን ያገባት ዓይነት ጎል ዓመቱን ሙሉ በሚዘልቅ ሊግ በየዓመቱ አትገኝም። ግን ሠርቶ አንደኛ የወጣ ሰው ቁልቁሉን ጎን ያገኝ ዘንድ ይገባዋል ነው የምለው። ሜዳውን፣ ዕረፍቱን፣ ቢሳሳት ሁለተኛ ዕድሉን።

ለኛ ፕሪሚየር ሊግ ይኼ እንዴት ይሠራል ብሎ የጠየቀኝ ደንበኛ አለ። ከባድ ነው። ሊጋችን ካለፉት ዓመታት ወዲህ ክለቦች በተመረጡ ከተሞች ተሰብስበው ነው የሚጫወቱት። በሜዳህ ተጫወት ብለህ የምትሸልመው ቡድን ሜዳው ከተማው ውስጥ ሆኖ ጨዋታው ሌላ አገር ነው። ሽልማቱ ቀድሞ ተወስዷል። ስለዚህ ለጊዜው ብዙ ነጥብ የሰበሰበ ሻምፒዮን ይሁን፣ ይኼኛው ላይ ከጋሼ ጋር ነኝ።

ወደ ቤቷ ልመለስ። ጉድለቶቿን ልንገራችሁ። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ እስኪነሳ አምስትና ስድስት ደቂቃ ይፈጃል፣ አንድ ጊዜ መለያ ምት ላይ ጠፍቶ ሁለት ምት አምልጦናል። መጸዳጃ ቤቱ ጓሮ ነው፣ አምፖል የለውም፣ ስልካችሁ ቻርጅ ይኑረው። ትንሹ ስክሪን ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ወንበር የሚያዝበት ሥርዓት ትክክል አይደለም። ቀድሞ የመጣ ሳይሆን ቀድሞ ጋቢውን የጣለ ነው የሚቀመጠው፣ አንዳንዱ ደግሞ ከሰዓት ጀምሮ ጋቢ ጥሎ ይሄዳል። ይህን ለእትዬ ነግሬያለሁ፣ ገና አልተስተካከለም። ሌሊት እንደ ልብ መንቀሳቀስ ስለማይቻል ከሩቅ ሰፈር ለመምጣት የሚመች ቤት አይደለም። አቅራቢያ ላለን ነው። የቀን ጨዋታ ከሆነ ግን ከየትም ኑ።

የቻምፒየንስ ሊጉ ማጣሪያ፣ ከ9 እስከ 24 ያሉት የሚገናኙበት፣ የካቲት ላይ ነው። ጋሼ ሰሌዳውን የሚያሰምሩት ዕጣው በወጣበት ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ከመጣችሁ መግቢያ አይከፈልም፣ ሻይ ይዞ መከራከር ነው። በመስኮቱ በኩል ያለው ሁለተኛው አግዳሚ አንድ እግሩ ስለላላ እዚያ ላይ ሦስት ሆናችሁ አትቀመጡ። ለጆተኒው መመዝገብ የሚፈልግ ስሙን ለእትዬ ይንገር፣ ዘንድሮ 16 ሰው እንቀበላለን።